የገላ አገር በረኞች

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከዕለታት አንድ ቀን ገላ የምትባል አገር ነበረች። ዙሪያዋ በቆዳ አጥር የታጠረ ነው። ቀይ ወንዝ ሌት ተቀን ይዞርባታል፤ ሙቀቷም በጋ ከክረምት 37 ነው። ከላይ፣ ከአንገት ማዶ፣ በአጥንት ግንብ ውስጥ ራስ ተቀምጠው ይገዛሉ። ከታች ልብ ወንዙን ትገፋለች፣ ሳንባ ነፋስ ይቀበላል፣ ኩላሊት ውሃ ያጠራል። አንጀት ሰፈር ደግሞ ከጥንት ጀምሮ እንግዳ ጠፍቶበት አያውቅም።

የአገሩ ጠባቂዎች ነጭ ለባሾች ይባላሉ። በነጭ ለባሾቹ ደጅ 10 በረኞች ይቆማሉ። አሥሩም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ወገባቸው እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው።

እነዚህ በረኞች የመጣውን ሰው ስሙን አይጠይቁም፤ አገሩንም አይጠይቁም። አባታቸው ሲሞት እንዲህ ብሏቸው ነበር፦ «ልጆቼ፣ የሌባን ፊት አትያዙ፤ ፊት ይለዋወጣል። ጥሎት መኖር የማይችለውን ነገር ያዙ።»

ስለዚህ እያንዳንዱ አንዳንድ ምልክት ተማረ። ሁለተኛው ሌቦች በልብሳቸው ላይ የሚሰፉትን ቅባት የጠጣ ቁልፍ ያውቃል፤ ግን ብቻውን አይቆምም፣ ወይ ከአንደኛው ወይ ከስድስተኛው ጋር ነው። አራተኛው የሌባን በርኖስ ያውቃል፤ በርኖሱን ተቀብሎ የሚያቀብለው ብላቴናም አለው። አምስተኛው ጅራት ያውቃል። ሦስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ግን ደብዳቤ አንባቢዎች ናቸው። ሦስተኛው በሁለት ክር የተገመደውን ያነባል፤ ሰባተኛውና ስምንተኛው የአንድ ክሩን። ዘጠነኛው የሚያነበው ነቁጥ የሌለውን ነው፤ የገላ ጸሐፊዎች በአንዳንድ ፊደል ላይ ነቁጥ ያኖራሉ፣ ሌቦች ግን ይህን ልማድ አያውቁትም።

አራቱ አንባቢዎች ደጅ አይቆሙም፤ ቦታቸው ጓዳ ነው። ነጭ ለባሽ የዋጠው ነገር ጓዳ ሲገባ፣ በሆዱ የያዘውን ደብዳቤ ያነባሉ። በአደባባይ የወደቀ ወረቀት እንዳያነሡ አባታቸው አስምሏቸዋል፤ የአገሬውም ደብዳቤ የሚጻፈው በዚያው ክር ነውና።

አንድ ሌሊት ባለ ጅራት ሌባ እየዋኘ መጣ። አምስተኛው ጅራቱን ዳሰሰና ለመልእክተኛው ነገረው። መልእክተኛው ሮጠ፣ ነጋሪት ተጎሰመ፣ ነጭ ለባሾች ተነሡ፣ በየሰፈሩ እሳት ተለኮሰ። ሲነጋ ሌባው ተውጧል። እሳቱ ጠፋ፤ ነጋሪቱም ወደ ተሰቀለበት ተመለሰ።

ጧት ራስን አመማቸው። አዛዡን ጠሩት።

«ማታ ምን ነበር?»

«በረኞች ነጋሪት ጎስመው ነው፣ ጌታዬ።»

«ሌባ ገብቶ ነበር?»

«ሌባ አላየሁም፣ ጌታዬ። ነጋሪቱን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው የሰማኸውን መርምር» አሉት።

አዛዡ መዝገብ ይዞ ወረደ። በረኞቹን አሰለፈና ከአራተኛው ጀመረ።

«ዘርህን ቁጠር።»

አራተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «አያታችን ቶል ይባላል፤ የኖረው በዝንብ አገር ነው። መጀመሪያ የታወቀው በዘብነት አልነበረም። ገና በእንቁላል ላለ ዝንብ ጀርባው የቱ፣ ሆዱ የቱ እንደሆነ ይለይ ነበር። በፈረንጆች 1985 ቱቢንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድ የሚባሉ ሊቅ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ይህን ሥራውን ጻፉለት። ስሙ በቋንቋቸው ‹ድንቅ› ማለት ነው።»

«ቀጥል።»

«በ1996 ስትራስቡርግ ላይ ዡል ሆፍማንና ባልደረቦቻቸው አያታችን የሌለበትን የዝንብ ቤት አዩ። ዝንቦቹ ሻጋታ እንደ ጢም በቅሎባቸው ሞተው ነበር። ዘብ መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ። በ1997 ሩስላን ሜድዚቶቭና ቻርልስ ጃንዌይ በሰው ገላ ውስጥ እኔን አገኙኝ። በ1998 ብሩስ ቦይትለር በቴክሳስ፣ የሌባ በርኖስ ቢያዩ የማይደነግጡ አይጦች ነበሯቸውና፣ ጉድለቱ እኔ በምቆምበት በር መሆኑን ደረሱበት። በ2011 ሆፍማንና ቦይትለር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።»

አዛዡ ይህን ሁሉ ሰምቶ በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ጻፈ፦ «ዘሩ ዝንብ።»

ወደ አሥረኛው ዞረ። «አንተስ የምታውቀው ምልክት ምንድን ነው?»

አሥረኛው ዝም አለ።

«እርሱ ብዙ አይናገርም» አሉ ወንድሞቹ። «እኛ ስንጮህ ቀስ በሉ የሚለን እርሱ ነው ይባላል።»

አዛዡ «ሥራ ፈት» ብሎ ጻፈ።

መዝገቡን ሊያጥፍ ሲል አንድ ስም ቀርቶ አየ። «አሥራ አንደኛው የታለ?»

«እርሱ በአይጥ አገር ዛሬም በሩ ላይ ቆሟል» አለ አራተኛው። «በእኛ አገር ግን ድሮ ሞተ። ስሙ ብቻ ነው ያለው፤ እርሱም መሃሉ ላይ የተቆረጠ ነው።»

አዛዡ ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። ከዚያም በጥሩ እጅ ጽሕፈት «በሥራ ላይ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወር ጀምሮ የአሥራ አንደኛው ቀለብ ሳይጓደል ይወጣ ነበር።

አዛዡ ወደ ራስ ተመለሰና እንዲህ አለ፦ «ጌታዬ፣ በረኞቹ የዝንብ ልጆች ናቸው። ደግነቱ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚልኩት በአንድ መልእክተኛ ነው። እርሱ ቤቱ ከተቀመጠ እርስዎ ይተኛሉ።»

«ይቀመጥ» አሉ ራስ።

መልእክተኛው ቤቱ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥም ጀመር።

በዚያ ሰሞን እሾህ ጣትን ወጋና በአጥሩ ላይ ቀዳዳ ቀረ። ሌቦች እንደ ዶቃ ተያይዘው በቀዳዳው ገቡ። ሁለተኛውና ስድስተኛው አዩአቸው፤ ቁልፋቸውን ጨብጠው «ሌባ! ሌባ!» አሉ። የሚሮጥ አልነበረም። ነጭ ለባሾች በቤታቸው ተቀመጡ፤ እሳትም አልነደደም። ሌቦቹ ከጣት ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ሳንባ እየተጫወቱ ሄዱ። ባደሩበት ሁሉ መግል ትተው አለፉ።

አዛዡ የወሩን ሪፖርት አነበበ፦ «በዚህ ወር ፀጥታው እጅግ አስተማማኝ ነበር። ለእሳት የወጣ እንጨት የለም።» ራስ ደስ አላቸው፤ ካባ አለበሱት።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ። ሦስተኛው በረኛ የሚልከው በራሱ መልእክተኛ ነበር። ባለ ሁለት ክር ደብዳቤ የያዘ ሌባ ተውጦ ጓዳ በገባ ቁጥር የእርሱ ነጋሪት ትሰማለች። አዛዡ በስሙ አንጻር «ፀጥታ አደፍራሽ» ብሎ ጻፈበት።

ውሎ አድሮ ሳንባ መተንፈስ አቃተው። ክንድም አብጦ የራሱን ጣት ማጠፍ ተሳነው። ሽታው አንገት ድረስ ወጣ። ራስ አፍንጫቸውን ይዘው ጠየቁ፦ «በዚህ አገር ነጋሪት የሚባል ነገር የለም እንዴ?»

«በረኞቹ ሰንፈው ነው፣ ጌታዬ» አለ አዛዡ። «ቀለባቸው በወር መሆኑ አሰነፋቸው። መልእክተኛው ይመለስ፤ ቀለባቸውም በጎሰሙት ልክ ይሁን።»

ደንቡ ወጣ። አንድ ጉስም፣ አንድ ቁና።

አምስተኛው በረኛ በአንጀት ሰፈር ከውስጠኛው ግድግዳ ጀርባ ነበር የሚቆመው። መንገዱን እንዲያይ አልተደረገም፤ ግድግዳውን ጥሶ የገባ ብቻ እንዲያገኘው ነው። በመንገዱ ላይ ቁጥራቸው ከአገሬው የማይተናነስ እንግዶች ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም ጅራት አላቸው። እነርሱ ጨጓራ ያልቻለውን እህል ይፈጫሉ፤ ለቤት ኪራይም ምግብ ይከፍላሉ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲህ ተኑሯል።

አምስተኛው ደንቡን ሰማና በርጩማውን አንሥቶ ወደ መንገዱ አዞረ። ጅራት አየ፣ ጎሰመ። ሌላ ጅራት አየ፣ ጎሰመ። በአንድ ቀን 100 ቁና ቆጠረ። ነጭ ለባሾች ወፍጮዎቹን ሰባበሩ። ሰፈሩ በውሃ ተጥለቀለቀ፤ የተበላው ሁሉ ሳይፈጭ ይወጣ ጀመር። እንግዶቹ ከአጥሩ ስር ተሰብስበው «ያጠፋነው ምንድን ነው?» አሉ።

«ጅራት አላችሁ» አላቸው አምስተኛው።

«አምናም ነበረን።»

«አምና ቀለቤ በወር ነበር።»

በጓዳ ያሉት አንባቢዎች ይህን ሰሙ። ጓዳ ውስጥ የሚያነቡት የተዋጠውን ብቻ ነው፤ በዚህ ቁና አይሞላም። ሰባተኛውና ዘጠነኛው መሐላቸውን ረስተው ደጅ ወጡ፤ የወደቀውን ደብዳቤ ሁሉ ያነሡ ጀመር።

የመጀመሪያው የተነበበው የኩላሊት ደብዳቤ ነበር።

«ወንድሜ፣ አብረን አይደለም ወይ ያደግነው?» አለ ኩላሊት።

«ክሩ አንድ ነው» አለ ሰባተኛው። «የሌባም ክር አንድ ነው።»

ቀጥሎ የጉልበት ደብዳቤ ተነሣ። ጉልበት ሽማግሌ ነው፤ ወረቀቱ ከማርጀቱ የተነሣ ነቁጡ ጠፍቷል። ዘጠነኛው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ አየና ነጋሪቱን ጎሰመ። ነጭ ለባሾች የአገሬውን መገጣጠሚያ በዱላ አሳበጡት። ጉንጭ ሰፈር ደርሰው ግራና ቀኙን አቃጠሉ፤ የተቃጠለው ቦታ ከሩቅ ሲያዩት ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል። ከሩቅ ያዩም «እንዴት ያምራል» አሉ።

ኩላሊት «ደብዳቤው የሌባ አይደለም፤ የራሴ ነው» ብሎ ለሸንጎ ጻፈ። ሰባተኛው ያንንም ደብዳቤ አነበበው። ክሩ አንድ ነበር።

በወሩ መጨረሻ አዛዡ ጎተራውን ለካ። «ሌባ እንዲህ በዝቶ አያውቅም» ብሎ ለራስ ነገራቸው። «ደግነቱ እንዲህ ተግቶ የጠበቀም የለም።»

በዚህ መካከል አንድ በርኖስ የለበሰ ሌባ በቀይ ወንዝ ውስጥ ገባ። አንድ ሽማግሌ ነጭ ለባሽ አገኘውና፣ እንደ ድሮው ልማድ፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ ዋጠው። የሌባው በርኖስ ተቀዶ በውሃው ላይ ቀረ፤ ተንሳፍፎ ሄዶ ከአንድ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቀለ።

ብላቴናው አየውና አንሥቶ ለአራተኛው አቀበለው። አራተኛው በርኖሱን ዳሰሰ። ዘርፉን ቆጠረ፤ ስድስት ነው። ጎሰመ።

የሳንባ በረኛ የአራተኛውን ነጋሪት ሰምቶ የራሱን ጎሰመ። የጉበት በረኛ የሳንባን ሰምቶ ጎሰመ። ጉስሙ ዞሮ ዞሮ ወደ አራተኛው ሲደርስ፣ አራተኛው «እንዲያውም ብዙ ናቸው ማለት ነው» ብሎ ደግሞ ጎሰመ።

በየሰፈሩ እሳት ነደደ። ነጭ ለባሾች በፍጥነት እንዲያልፉ የወንዙ ዳርቻ ሁሉ ተከፈተ፤ ሰዎቹ በወጡበት ውሃውም ወጣ። ሜዳው አበጠ፤ ወንዙ ግን ጎደለ። ልብ ባዶ ወንዝ እየገፋች መቶ ጊዜ፣ መቶ አርባ ጊዜ ዘለለች። ሳንባ ውሃ ሞላው። ኩላሊት የሚያጠራው ውሃ አጣ። እጅና እግር ቀዘቀዙ።

አንድ ወጣት ነጭ ለባሽ በጭሱ መሃል ሽማግሌውን አገኘው።

«አባባ፣ ሌባው የት ነው?»

«ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው፣ ልጄ። እኔ ነኝ የዋጥኩት።»

«ታዲያ የምናሳድደው ምኑን ነው?»

«በርኖሱን።»

ወጣቱ ጥቂት አሰበ። ከኋላው የሚመጡት ገፉት፤ ሮጠ።

ጭሱ የአጥንቱን ግንብ አልፎ ገባ። ራስ ቃዡ። «ጨጓራ ወደ ላይ ይውጣ» አሉ። «ወንዙን ቁሙ በሉት» አሉ። አዛዡ ከአልጋው ስር ተንበርክኮ ቅዠቱን ቃል በቃል ጻፈው፤ ማኅተም አድርጎ አዋጅ ብሎ አወጣው።

በሰባተኛው ቀን እንጨት አለቀና እሳቱ ጠፋ። ግማሹ አገር አመድ ሆኗል። አዛዡ በርኖሱን በሸንበቆ ላይ ሰቅሎ በአደባባይ አቆመው፤ ሕዝቡን ሰበሰበ።

«ጠላታችንን አይታችኋል» አለ። «ከእንግዲህ ሌባ ማለት ይህን የለበሰ ነው። ዘርፉ ስድስት ነው። ከስድስት ያነሰ ቀለብ አያስገኝም።»

በረኞቹ ሰሙ፤ ግን እጃቸው ዝሏል። የነጋሪቱ ቆዳ ረግቧል። ሌባ በፊታቸው ሲያልፍ ያያሉ፤ ጉማውን ያነሡታል፣ መልሰው ጭናቸው ላይ ያኖሩታል።

ይህ በሆነ በጥቂት ቀን አንድ ሌባ በቁንጫ ጀርባ ተቀምጦ ከአጥሩ ደጅ ደረሰ። ቁንጫይቱ ከአይጥ አገር ነው ያመጣችው። በቁንጫይቱ ቤት ብርድ ስለነበረ በርኖሱ ባለ ስድስት ዘርፍ ነው። አጥሩን በስታ አስገባችው። የገላ አገር ሙቀት አገኘው፤ 37 ነው። ሌባው በሩ ላይ ተቀመጠ፣ ምላጭ አወጣ፣ በሰው ፊት ሁለቱን ዘርፍ ቆርጦ ጣላቸው።

አራተኛው ተነሣ። በርኖሱን ዳሰሰ፤ ቆጠረ።

«አራት» አለ።

«አራት ነው» አለ ሌባው።

«ስድስት ቢሆን እጎስም ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አለፈ። የቆረጣቸው ሁለት ዘርፎች በበረኛው እግር ስር ቀሩ። የሚያነሣቸው አልነበረም። ሌባው ቁልቁል ወርዶ በብሽሽት ሰፈር ቤት ተከራየ፤ በማግሥቱ ዘመዶቹን ጠራ።

የወሩ መጨረሻ ሆነ። አዛዡ መዝገቡን ይዞ በምሽት ወረደ፤ ስም መጥራት ጀመረ።

«አንደኛ!»

ዝም።

«ሁለተኛ!»

ዝም። አንደኛውና ስድስተኛው በግራና በቀኝ ተደግፈውት ሦስቱም ተኝተዋል።

«ሦስተኛ! አራተኛ! አምስተኛ!»

አንድ ጉማ ከእጅ ወድቆ ተንከባለለ።

«ሰባተኛ! ስምንተኛ! ዘጠነኛ!»

ነፋስ ያልተነበበ ደብዳቤ እየገለበጠ አለፈ።

«አሥረኛ!»

አሥረኛው እንደ ልማዱ ዝም አለ።

አዛዡ ገጹን ገለጠ፤ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አሥራ አንደኛ!»

ከመዝገቡ ጀርባ፣ ወፈር ባለ ድምፅ፣ ራሱ መለሰ፦ «አቤት!»

ራስ ከላይ፣ ከግንባቸው ውስጥ፣ ነቁ።

«ማን ነው አቤት ያለው?»

«በረኛው ነው፣ ጌታዬ።»

«ተመስገን» አሉ ራስ። «እንግዲያው አገሩ ዘብ አለው።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ተከናንበው ተኙ።

አዛዡ የአሥራ አንደኛውን ቀለብ በጆንያ ተሸክሞ ቁልቁል ሄደ። በብሽሽት ሰፈር ሲያልፍ መሬቱ አብጦ፣ ትኩስ ሆኖ እግሩን ለበለበው። ጆንያውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና መንገዱን ቀጠለ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።